ሁለት ደቂቃ ለእትዬ አስካለ

የምኖርበትን መንደር ካርታ ላይ የሚያገኘው ጥቂት ሰው ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። የአውስትራሊያ መሀል ቀይ በረሃ ነው። አሊስ ስፕሪንግስ ከምትባለው ከተማ ተነስቶ አምስት ሰዓት በአቧራ መንገድ የነዳ ሰው አንድ ሱቅ፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ክሊኒክ ያላት መንደር ይደርሳል። ነዋሪዎቿ አቦርጂናል የሚባሉት የአገሩ የጥንት ባለቤቶች ናቸው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ በክሊኒኩ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አበሻ ባገኘኝ ቁጥር "እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?" ይለኛል። ሥራ አለ ሲሉኝ ሄድኩ፣ ከዚያ ሰዎቹን ወደድኳቸው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሥራችን ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ሳይረፍድበት የሚሰማው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ነው። እውነቱን ለመናገር ዋናዋ ሠራተኛ እኔ ሳልሆን አንቲ ጁን ናት። የመንደሩ ተወላጅ፣ ሁሉም 'አንቲ'፣ አክስት፣ የሚላት፣ ስድሳውን ያለፈች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። ዲግሪ የላትም፤ ሰው ሲጨንቀው የሚያንኳኳው ግን የእሷን መስኮት ነው። ደመወዟ በየዓመቱ ከሚታደስ በጀት ይከፈላል። በጀቱ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ አንዳንዴ ከወራት በኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዴም አይመለስም። ከከተማ በአንድ ዓመት ፕሮጀክት የሚላኩልን ባለሙያዎችም አሉ፤ ሰዉ ለምዷቸው ልቡን መክፈት ሲጀምር ፕሮጀክቱ ይዘጋና ይሄዳሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ የሰው ጭንቀት የበጀት ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ይመስል በየዓመቱ እየቆረጠ የሚከፍለው የመንግሥት ክፍል ነው።

ባለፈው የካቲት ሎስ አንጀለስ የሄድኩትም በዚሁ ጉዳይ ነው። ጋሼ ታምሩ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን በፌርፋክስ ጎዳና ላለው የአበሾች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነዋል። ማኅበሩ፣ ካውንቲ ከሚሉት የአካባቢው መስተዳድር ገንዘብ ጠይቋል፤ በአማርኛ የሚያዳምጡ ሁለት ሠራተኞች እንዲቀጠሩና አንድ ስልክ እንዲከፈት። ጉዳዩ ዓርብ ዕለት በይፋ ስብሰባ ይሰማል። "በረሃ ያለችው ዘመዴ ይህን ሥራ ታውቀዋለች" ብለው ጠሩኝ፤ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ተነሳሁ።

ማክሰኞ። ከመንደራችን እስከ አሊስ ስፕሪንግስ ባለው መንገድ ያለፉኝ መኪናዎች ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ሾፌሮች እንደ አገሩ ደንብ ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንስተው ሰላም ብለውኛል። ከተማዋ ላይ አድሬ ወደ ሲድኒ፣ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ በረርኩ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሲድኒ ተነስቼ፣ ባሕሩን ስሻገር ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እዚያው ማክሰኞ በማለዳ ደረስኩ። ከተነሳሁበት ሰዓት ቀድሜ ማለት ነው። ሻንጣዬ ግን እንደኔ አልቸኮለም፤ ሲድኒ ቀርቷል ተባልኩ። የሚቀበለኝም ሰው የለም። ስደውል ጋሼ ታምሩ ከእንቅልፋቸው ነቁ።

"ረቡዕ ነው ያልሽኝ እኮ" አሉ።

"ማክሰኞ ነው የጻፍኩልዎት።"

"አይቼዋለሁ፤ ተሳስታ ነው ብዬ አስተካከልኩልሽ። ያን ያህል ሰዓት በርራ በዚያው ቀን ትደርሳለች ብዬ እንዴት ልገምት? ኦኬ፣ ቆይ፣ መጣሁ።"

እንግዳ ደራሽ ውሃ ፈሳሽ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቀድሜ ፈሰስኩባቸው። ቤታቸው ለኔ ሲባል ቀለም እየተቀባ ነበርና መግቢያ የለውም። ስለዚህ ፓልምስ ወደሚባለው ሰፈር፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ቤት ወሰዱኝ። መንገዱ ላይ በአንድ ደቂቃ ያለፈን መኪና በኛ በረሃ በዓመት አይታይም፤ ጣቱን ያነሳልኝ አንድም አልነበረም። ጋሼ ታምሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሶ፣ አስካለ ብቻዋን ናት። አንድ ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት አርፏል። ልብ ነው ብላለች። ያው አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ይገባሻል። አታንሺባት" አሉኝ።

እትዬ አስካለ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ ሴት ናቸው። በር ላይ እንዳዩኝ "ይህችን ቀጭን ቀሚስ ለብሰሽ ነው የመጣሽው?" ብለው አስገቡኝ፤ ሽሮ ሠርተው አበሉኝ፤ አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ሳሎን ሶፋ ላይ ተኙ። ብለምን ብማጸን አልሰማ አሉኝ።

ረቡዕ። ከበረሃ የመጣሁት በአርባ ዲግሪ ሙቀት ነው። የሎስ አንጀለስ የየካቲት ጠዋት ግን ያንዘፈዝፋል። እትዬ አስካለ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው ተዘግታ ወደምትኖረው ትንሿ ክፍል ገቡና ሰማያዊ የወንድ ጃኬት ይዘው መጡ። ንጹሕ ነው፣ ታጥቦ ተተኩሷል። የማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። በእኛ መንደር ሰው ሲሞት ስሙ ለረጅም ጊዜ አይጠራም፤ ሞክሼው እንኳ ሌላ ስም ይወጣለታል። ልብሱም ከዓይን ይሰወራል። እዚያ ክብር ማለት ይህ ነው፣ እኔም አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬበት ደንብ ሆኖኛል። እጄ ሳላዘው ወደ ኋላ ተሰበሰበ። "ይቅርብኝ፣ አይበርደኝም" አልኳቸው፣ እየተንቀጠቀጥኩ። እትዬ አስካለ ጃኬቱን አጥፈው ይዘው ተመለሱና ሥራ ረፈደብኝ ብለው ወጡ። ፊታቸውን አይቼ አንድ ነገር እንዳበላሸሁ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ታምሩ ፌርፋክስ ወሰዱኝ። ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ጎዳና ያለችው ቁራጭ መንገድ በሩብ ሰዓት ታልቃለች፤ ምግብ ቤቱ፣ ቅመም መደብሩ፣ ገንዘብ መላኪያው ጎን ለጎን ናቸው። ፓርክ የሚደረግበት ቦታ ፍለጋ የዞርንበት ጊዜ ግን ከመንደራችን እስከ ጎረቤት መንደር ያደርሳል። ስብሰባው በአንድ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ነበር። በየዓይነቱ ቀረበ፣ ጥብስ ተጨመረ፣ ሰዉ ሁሉ አጎረሰኝ። ሦስት ጊዜ በቃኝ ብዬ አራተኛውን ጎረስኩ። ከዚያ ማመልከቻው ተነበበ። ከዳር እስከ ዳር "ዌልነስ" ይላል፤ መልካም ጤንነት እንደማለት ነው።

"ራስን ማጥፋት የሚለው የት ገባ?" አልኩ።

"አወጣነው" አሉ ጋሼ ታምሩ። "ሰው ይሸሻል።"

አንድ ጎልማሳ "እሱ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ጋ ስትሬስ ነው ያለው" አለ። ቅመም መደብር ያላት ወይዘሮ ፋንታዬ ይህን ስትሰማ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

"እስቲ ቆይ" አለች። "እዚህ ያለነው ስንት ወጣት ቀብረናል? ሁሉም በልብ። የኛ ልጆች ልብ ብቻ ምን ሆኖ ነው?"

እኔም ስለ አንቲ ጁን ነገርኳቸው። ሰውን በቀጥታ "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያስገባበት፣ ይልቁንም ብዙውን ጊዜ የታፈነውን እንደሚያስተነፍስ ነገርኳቸው። ገንዘቡን ሲጠይቁም ለአንድ ዓመት ብቻ እንዳይሆን፣ የሚቀጠረውም ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው እንዲሆን መከርኩ። በአክብሮት አዳመጡኝ። ጋሼ ታምሩ ግን አንድ ችግር አለ አሉ፤ ካውንቲው ጉዳዩ ከደረሰበት ቤተሰብ አንድ ሰው ቆሞ እንዲናገር ይፈልጋል። ያለዚያ ችግሩ መኖሩን በምን ያምናል? ማን ይናገራል ሲባል ሁሉም ስልኩን አየ። የእትዬ አስካለን ስም ማንም አላነሳም፤ ሁሉም ግን እሳቸውን እያሰበ ነበር።

ስንወጣ ወይዘሮ ፋንታዬ ክንዴን ያዘችኝ። "አስካለ ቤት ነው ያረፍሽው? አይዞሽ በያት። የልጇን ልብስ ለአንድ ሰው ሰጥታ፣ ሰውየው ስለ አሟሟቱ ሲሰማ መልሶ በሯ ላይ ጥሎላት ሄደ። ጃኬት ነው መሰለኝ።"

እኔ በበረሃው ሕግ አከበርኳቸው፤ እሳቸው ግን እንደዚያ ሰውዬ የሸሸኋቸው መስሏቸዋል።

ሐሙስ። እትዬ አስካለ የዕረፍት ቀናቸው ነበር። ቂንጬ ሠርተው አቀረቡ፤ ፊታቸው ግን እንደተዘጋ ነው። ማንኪያዬን ሳላነሳ ነገሩን አወጣሁት። የመንደራችንን ደንብ፣ ስም የማይጠራበትንና ልብስ የሚሰወርበትን ምክንያት፣ ሁሉንም። "አላወቅኩም፤ ጠልቼ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "እዚያ ስሙን የማይጠሩት አክብረውት ነው?"

"አዎ።"

"እዚህ አይደለም" አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን በአፉ የጠራልኝ ሰው የለም። ተወልዶ የማያውቅ አስመሰሉት። ሚኪያስ ነው ስሙ።"

"ሚኪያስ" አልኩ። ከዚያ ጃኬቱን ጠይቄ ለበስኩት። ክንዱ ረዝሞብኛል፤ እሳቸው ራሳቸው እጀታውን ሁለት ጊዜ አጠፉልኝ፣ አጠፋፋቸውም አጥብቆ እንደመያዝ ነበር።

ሚኪያስ ሎንግ ቢች መጋዘን ይሠራ ነበር፤ እትዬ አስካለ ግን ቦታውን አይተውት አያውቁም፤ ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ መንዳት ይፈራሉ። "እኔ አልፈራም፣ ልንዳ" አልኩ። አለመፍራቴ ልክ ነው፤ የረሳሁት የአውስትራሊያ መኪና በግራ፣ የአሜሪካው በቀኝ እንደሚነዳ ነው። ከግቢው ወጥቼ በሙሉ ልብ ግራውን ያዝኩ። ከፊታችን የመጣው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። እትዬ አስካለ "በቀኝ! በቀኝ በይ!" ብለው መሪውን አብረውኝ ጠመዘዙ። ዳር ይዘን ቆምንና ተያየን። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ባህሉ የተለየ አገር ነው የምትኖሪው ስትዪኝ እንዲህ ነው አላልሽኝም" አሉ። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው "በቀኝ" እያሉኝ ሎንግ ቢች ደረስን።

መጋዘኑ እንደማንኛውም መጋዘን ነው፤ ግራጫ ግድግዳና የሚገቡ የሚወጡ ከባድ መኪናዎች። አጥሩ ዳር ቆመን ስለ ሚኪያስ አወሩኝ። ጫማ መሳል ይወድ እንደነበር፣ ደመወዙን ሲቀበል መጀመሪያ ለሳቸው አስቤዛ እንደሚገዛ። ከዚያ በድንገት "ነገ እኔ እናገራለሁ" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈራኝ። የነገው ሂሪንግ፣ ስብሰባው፣ በኢንተርኔት ይተላለፋል። እናቴ ባሕር ዳር ናት፣ ሰማንያ አልፏታል። እሷም በልብ ሞተ ብላ ነው የምታውቀው። ከሰው ስልክ ብትሰማው ትገድለኛለች፣ እኔም ይገባኛል።"

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ አይነገርም። ስለዚህ እትዬ አስካለ እዚያው አጥሩ ዳር ሆነው ባሕር ዳር ያለ ወንድማቸውን ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት፤ ንስሐ አባታቸውንና ሁለት ጎረቤት ይዞ በማለዳ እናቱ ዘንድ እንዲሄድ ነገሩት። ልክ እንደ መርዶ፤ ለዚያው ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ።

እዚህ ሲመሻሽ እዚያ ይነጋል። እራት ላይ ሳለን ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ ስላደረጉት እኔም ሰማሁ። ይጮሃሉ፣ ይራገማሉ ብዬ ነበር። አሮጊቷ ግን "ሁለት ዓመት ይህን ይዘሽ ብቻሽን ነው ያለቀስሽው?" አሉ። እትዬ አስካለ እንጀራውን እንደያዙ ተንሰቀሰቁ። እኔም አለቀስኩ፤ ሙያዬን ተገን አድርጌ አልደበቅኩትም።

ዓርብ። ስብሰባው ዳውንታውን በአንድ ትልቅ ሕንፃ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ካርድ ሞልተህ ተራ ትጠብቃለህ፤ ስምህ ሲጠራ ሁለት ደቂቃ ይሰጥሃል፤ አረንጓዴው መብራት ቀይ ሲሆን ማይክራፎኑ ይዘጋል። በአስተርጓሚ ለሚናገር ጊዜው እጥፍ ነው። ጋሼ ታምሩ ሙሉ ልብስና ክራባት አድርገው በእንግሊዝኛ ጀመሩ። የኮሚቴውን ሰብሳቢ አመሰገኑ፣ አባላቱን አንድ በአንድ አመሰገኑ፣ የተገኙትን እንግዶች፣ ያልተገኙትን የማኅበሩ አባላት፣ ይህን ቀን ያሳያቸውን ፈጣሪ አመሰገኑ። "በአገራችን በሽታውን የሸሸገ..." ሲሉ መብራቱ ቀላ። መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ማይክራፎኑ ከተዘጋ በኋላ ስለወጣ የሰማነው የፊት ረድፍ ላይ ያለን ብቻ ነን። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። "ሰላምታውን ብቀንሰው ኖሮ" አሉ። ታዲያ አበሻ ሰላምታ ቀንሶ ያውቃል?

ቀጥሎ እትዬ አስካለ ተጠሩ። እኔ ላስተረጉም አጠገባቸው ቆምኩ። ማንንም አላመሰገኑም።

"ልጄ ሚኪያስ ይባላል" አሉ። "ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ልብ ነው የገደለው ስል ኖሬአለሁ፤ አይደለም፣ ራሱን ነው ያጠፋው። ከመሞቱ ከወር በፊት ወጥ እየሠራሁ መጥቶ 'እማዬ፣ መኖር አልፈልግም' አለኝ። ደነገጥኩ። እንዲህ አይባልም አልኩት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትናገር አልኩት። ልጄ ታዛዥ ነው። ሁለተኛ አልተናገረም።"

ማስተርጎም አቃተኝ። ሰብሳቢዋ ውሃ አስመጣችልኝ፤ ጠጥቼ የቀረውን ተረጎምኩ።

"እኔ ክፉ እናት አልነበርኩም" አሉ እትዬ አስካለ። "ምን እንደሚባል የማላውቅ እናት ነበርኩ። በቋንቋዬ የምደውልለት ሰው ቢኖር እጠይቅ ነበር። ለሌላው እናት ይድረስላት።" መብራቱ ገና አረንጓዴ እንደነበር ተቀመጡ።

የገንዘቡን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። በማግስቱ ወደ አውስትራሊያ ተመለስኩ፤ ሻንጣዬን ሲድኒ አገኘሁት፣ ከቦታው አልተነቃነቀም። ውሳኔው ከወራት በኋላ መጣ፦ ለአንድ ሠራተኛ ብቻ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ። ጋሼ ታምሩ ደውለው ሲነግሩኝ "እንኳን ወደ በረሃችን በደህና መጡ" አልኳቸው። አንቲ ጁን ስነግራት የሷም ደመወዝ በዚያው ሳምንት ቆሞ ነበር። ሳቀች፣ ከዚያ አልሳቀችም። ሁለታችንም በጀቱ እንዲመለስ ደብዳቤ እየጻፍን ነው።

አሁን ግን ያን ዓርብ ከአዳራሹ ስንወጣ የሆነውን ልንገራችሁ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እትዬ አስካለን አስቀምጠን ጋሼ ታምሩን ስንጠብቅ፣ የሕንፃው የጥበቃ ሠራተኛ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ወደኛ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በአማርኛ ጀመረ፤ አንቱ ማለት የተወ ትውልድ ነው፣ ድምፁ ግን አንቱታ ነበረው።

"እትዬ፣ ይቅርታ። ስፒከር ላይ ሰማሁሽ። ያ ስልክ ቁጥሩ ስንት ነው?"

ጋሼ ታምሩ በዚህ መሃል ደርሰው ነበርና "ገና ነው ወንድሜ፣ ግራንቱ፣ ማለት ገንዘቡ፣ አፕሩቭ ሲደረግ..." ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ። "ኦኬ፣ ኦኬ። ብሬኬ አሥራ አምስት ደቂቃ ነች፣ ዝም ብዬ ነው" ብሎ ሊሄድ ዞረ።

እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። "ና፣ እዚህ ተቀመጥ" አሉት። "ስምህን ንገረኝ።"

ተቀመጠ። ስሙን ነገራቸው፣ ከዚያ የቀረውን። የተናገረውን አልጽፈውም፣ የሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ አብረውት እንደሄዱና ዛሬም ሥራው ላይ እንዳለ ብቻ ልበል። እኔ ለመግባት ሁለቴ አፌን ከፍቼ ሁለቴ ዘጋሁት፤ አላስፈለግኩም። አንድ ቦታ ላይ የሚለው ነገር በጣም ሲከብድ እትዬ አስካለ እጁን ያዙት። አሥራ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ አዳመጡት፤ አንድም ጊዜ እንዲህ አይባልም አላሉትም።